የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና መቼ ይሰጥ? ታሪካዊ ቅኝት ከላፍቶ አንጻር

መግቢያ

ስለ ፈተና በሚነሣበት ጊዜ ዘወትር የሚጠየቀው ምን ዓይነት ጥያቄ እንደ ቀረበና ስንት ተማሪ እንዳለፈ ነው። ፈተናው መቼ ይሰጥ፣ በየትኛው ክፍልና በየትኛው ወር ይሁን የሚለው ግን የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ተደርጎ ብዙም ሳይመረመር ያልፋል። የአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ታሪክ የሚያመለክተው ከዚህ የተለየ ነው። ተማሪው ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚያልፍበት ፈተና ለግማሽ ምእት ዓመት ያህል በ12ኛ ክፍል መጨረሻ ሲሰጥ ቆይቶ፣ በ1993 ዓ.ም. ዋናው ማጣሪያ ወደ 10ኛ ክፍል ወረደ፤ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህም ወደ 12ኛ ክፍል ተመለሰ። ወሩም ቢሆን ከግንቦት ወደ ሐምሌ፣ ወደ የካቲት፣ ወደ ጥቅምት ሲዘዋወር ታይቷል።

ጊዜው በተለወጠ ቁጥር የተለወጠው የቀን መቁጠሪያው ብቻ አልነበረም። ለፈተናው ሳይዘጋጅ የሚቀረው፣ መንገዱም የሚዘጋበት ልጅ ማን እንደሚሆን፣ ይህም በስንት ዓመቱ እንደሚደርስበት አብሮ ተለውጧል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ በታሪክ ቅደም ተከተል ማሳየትና ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚጠቅመውን ትምህርት ማመልከት ነው።

ጉዳዩ የመላው አገር ቢሆንም የሚታየው ከአንድ ቦታ፣ ከአዲስ አበባ ደቡባዊ ምዕራብ ዳርቻ ከላፍቶ ነው። ላፍቶ በኦሮምኛ የግራር ዛፍ መጠሪያ ሲሆን፣ አካባቢው ለረጅም ዘመን የእርሻና የግጦሽ ቦታ ሆኖ ቆይቷል። በአንጻሩ አብሮት የሚጠራው ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ከሚተላለፍበት የራዲዮ ጣቢያ ነው። ሁለቱ በአንድ ስም የተጣመሩት አዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም. በ10 ክፍለ ከተሞች በተዋቀረችበት ጊዜ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ነዋሪ 316,283 ነበር። ከዚያ ወዲህ በጀሞ፣ በለቡና በሌሎችም መንደሮች በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች የገባው ሕዝብ ብዙ ነው። የነባሩ ገበሬ ልጅና ከመሐል ከተማ የተነሣው ቤተሰብ ልጅ በአንድ ወንበር የሚቀመጡበት ቦታ በመሆኑ፣ የፈተና ጊዜ መለዋወጥ በልጆች ላይ የሚያስከትለውን ለመመልከት የተመቸ ነው።

1. ማትሪክ ከለንደን

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት እንደገና ሲደራጅ፣ በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በ1938 ዓ.ም. ደግሞ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከፈቱ። በዚያን ጊዜ በአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ስላልነበረ፣ ትምህርቱን የጨረሰው ወጣት ለከፍተኛ ትምህርት ብቁ መሆኑ የሚረጋገጠው በለንደን ዩኒቨርሲቲ የማትሪኩሌሽን ፈተና ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ የ12ኛ ክፍል ፈተና በሕዝቡ አፍ «ማትሪክ» እየተባለ የሚጠራው ከዚህ የተነሣ ነው። ፈተናው ከተቋረጠ አሠርት ዓመታት ያለፉ ቢሆንም ስሙ አልጠፋም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር አገሪቱ የራሷ መመዘኛ ያስፈልጋት ነበር። በ1940ዎቹ ዓመታት የኢትዮጵያ ትምህርት ቤት መልቀቂያ ሰርቲፊኬት ፈተና ተቋቋመ። እንግሊዝ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ1951 የቀድሞውን ፈተና ትታ፣ አንዱ በ16 ሌላው በ18 ዓመት ዕድሜ አካባቢ የሚሰጥ ባለ ሁለት እርከን ፈተና ጀመረች። ኢትዮጵያ የመረጠችው ግን በ12ኛ ክፍል መጨረሻ የሚሰጥ አንድ ፈተና ብቻ ነበር። ባለ ሁለት እርከኑ አሠራር ከ50 ዓመት ያህል በኋላ በሌላ መልክ ወደ አገራችን እንደሚመጣ ከዚህ በታች ይታያል።

ይህ ውሳኔ ለላፍቶ ልጅ ምን ትርጉም ነበረው? እውነቱን ለመናገር በዚያ ዘመን ፈተናው በየትኛው ክፍል ይሰጥ የሚለው ጥያቄ ከናካቴው የሚደርስበት አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ፣ ተፈሪ መኮንን፣ ኮተቤና ዊንጌት የሚገኙት በከተማዪቱ መሐል፣ ሰሜን፣ ምሥራቅና ምዕራብ ነው። ከደቡብ ዳርቻ ተነሥቶ በየቀኑ ወደዚያ መመላለስ ለእረኛ ልጅ የሚታሰብ አይደለም። ለዚህ ልጅ ማጣሪያው የተቀመጠው በ12ኛ ሳይሆን በ1ኛ ክፍል በር ላይ ነበር። ከፈተናው በፊት ወደ ፈተናው የሚያደርሰው መንገድ መኖር አለበት።

2. አንድ ፈተና፣ አንድ ጊዜ

የመልቀቂያ ፈተናው ከተቋቋመበት ጊዜ አንሥቶ በንጉሠ ነገሥቱም፣ ከ1966 ዓ.ም. በኋላ በደርግም ዘመን ዋና ጠባዩን ሳይለውጥ ቆየ። ውጤቱ በፊደል እየተሰጠ ወደ አማካይ ነጥብ ይቀየራል፤ እንግሊዝኛና ሒሳብ ከፍ ያለ ቦታ ነበራቸው። የወደቀው ተማሪ በግል ተፈታኝነት ተመዝግቦ እንደገና ሊቀመጥ ይችል ነበር። በተጨማሪም በዩኒቨርሲቲው የነበረው የመጀመሪያ ዓመት እንደ ሁለተኛ ማጣሪያ ያገለግል ስለ ነበር፣ ማትሪክን ያለፈውም ሁሉ ትምህርቱን አልጨረሰም።

ከ12ኛ ክፍል በፊት ስለሚደረግ ምርጫ የሚጠቀስ አንድ ምሳሌ አለ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረው የልዑል በዕደ ማርያም ትምህርት ቤት 11ኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ያጠናቀቁ ተማሪዎችን ከየጠቅላይ ግዛቱ እየመረጠ፣ 12ኛ ክፍልን በዩኒቨርሲቲው ግቢ ያስተምር ነበር። ዓላማውም በተለይ ወደ መምህርነት የሚሄዱ ብቁ ወጣቶችን ማግኘት ነበር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ምርጫው ከዋናው ፈተና አንድ ዓመት ቀድሞ መደረጉ ብቻ አይደለም። የተመረጠው ተማሪ በቀሪው አንድ ዓመት የተሻለ መምህርና የተሻለ ቤተ መጻሕፍት ያገኝ ነበር። ምርጫው በር ከመዝጋት ይልቅ እርዳታ የሚሰጥበት ሆነ። ይህ አሠራር ለጥቂቶች ብቻ የተዘጋጀ ቢሆንም፣ ቀደም ብሎ መመዘን ከድጋፍ ጋር ሲጣመር ምን ሊያስገኝ እንደሚችል ያስረዳል።

የፈተናው ጊዜ በታሪክ ኃይል የተቋረጠበት አጋጣሚም አለ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲታወጅ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን፣ በጠቅላላው ወደ 60,000 የሚጠጉ ሰዎች ወደ ገጠር ዘመቱ። ለዚያ ትውልድ ከትምህርት ወደ ፈተና፣ ከፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚወስደው ቅደም ተከተል ተናጋ። ከዘመቻው በኋላ ወደ ክፍሉ የተመለሰ አለ፤ ያልተመለሰም ብዙ ነው።

3. የ1966ቱ ተቃውሞ ያስተማረው

የምርጫ ጊዜ ጥያቄ ምን ያህል የሕዝብ ጉዳይ እንደ ሆነ በግልጽ የታየው በ1966 ዓ.ም. ነው። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የትምህርት ዘርፍ ጥናት፣ ለአብዛኛው ሕፃን የ4 ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲዳረስና ከዚያ በላይ የሚያልፈው ቁጥር እንዲወሰን ሐሳብ አቀረበ። ጥናቱ ትምህርትን ወደ ገጠር ለማስፋፋት የታሰበ ነበር። በጊዜው በትምህርት ቤት ደጃፍ ያልደረሰውን ሕፃን ብዛት ለሚያስብ ሰው፣ ዓላማው የሚናቅ አልነበረም።

ሕዝቡና መምህራኑ ያነበቡት ግን ሌላ ነገር ነው። የደኻው ልጅ በ4ኛ ክፍል ተመርጦ ይቀራል፤ ከፍ ያለው ደረጃ አቅም ላላቸው ይሆናል የሚል ስጋት ተስፋፋ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን የሥራ ማቆም አድማ መቱ። ጥያቄያቸው የደመወዝም ጭምር ቢሆንም የዘርፉ ጥናት ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ነበር። መንግሥትም ሐሳቡን ለመተው ተገደደ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ምርጫው ወደ ታች ክፍል በወረደ መጠን፣ የሚመዘነው የልጁ ችሎታ ከመሆን ይልቅ የቤተሰቡ ኑሮ ይሆናል። የ10 ወይም የ11 ዓመት ልጅ በቤቱ መብራትና መጽሐፍ መኖር አለመኖሩን፣ ከትምህርት መልስ ከብት መጠበቅ አለመጠበቁን በውጤቱ ላይ ያሳያል። ዕድሜው ከፍ ሲል ልዩነቱ ፈጽሞ ባይጠፋም፣ መምህርና ትምህርት ቤት የቤቱን ጉድለት ለመሙላት ጊዜ ያገኛሉ።

4. ማጣሪያው ወደ 10ኛ ክፍል ሲወርድ

በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት እርከኑን ለወጠ። ከዚያ በፊት 6 ዓመት የአንደኛ፣ 2 ዓመት የመለስተኛ ሁለተኛና 4 ዓመት የሁለተኛ ደረጃ የነበረው፣ 8 ዓመት የመጀመሪያ፣ 2 ዓመት አጠቃላይ ሁለተኛና 2 ዓመት የመሰናዶ ትምህርት ሆነ። በዚሁ መሠረት የ10ኛ ክፍል አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና በ1993 ዓ.ም.፣ የ12ኛ ክፍል የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና ደግሞ በ1995 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጡ። የቀድሞው የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ወደ መሰናዶ በመውረዱም የመጀመሪያ ዲግሪ ጊዜ በአብዛኛው ከ4 ወደ 3 ዓመት አጠረ።

ፖሊሲው የራሱ ምክንያት ነበረው። በ1986 ዓ.ም. የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና ዓለማያ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ኮሌጆች ነበሩ። 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ማትሪክ የወደቀው ወጣት ሙያ ሳይዝ በየሰፈሩ ይቀመጥ ነበር። በ10ኛ ክፍል ቢመዘን፣ ከፊሉ ወደ መሰናዶ፣ ከፊሉ ወደ ቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ሄዶ 2 ዓመት ይቆጥባል የሚል ስሌት ነበር። 10+1፣ 10+2፣ 10+3 የተባሉት የሥልጠና ደረጃዎችም ከዚህ መነሻ የመጡ ናቸው። እንደ ንፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ያሉ የሥልጠና ኮሌጆች በዚህ ሥርዓት ከፍ ያለ ቦታ ተሰጣቸው።

በሥራ ላይ ሲውል ግን ሁለት ነገሮች ታዩ። አንደኛው የዕድሜ ጉዳይ ነው። በ7 ዓመቱ 1ኛ ክፍል የገባ ልጅ 10ኛ ክፍልን የሚጨርሰው በ16 ወይም በ17 ዓመቱ ነው። በዚህ ዕድሜ የወደቀች የላፍቶ ልጅ ትምህርቷን ካቆመች፣ ቤተሰቧ ለሥራም ለትዳርም «ደርሳለች» ሊላት ይችላል። 12ኛ ክፍል የጨረሰችው ግን 2 ዓመት በትምህርት ቤት ጥላ ሥር ቆይታለች። ሁለተኛው የክብር ጉዳይ ነው። ወደ ሙያ ሥልጠና የሚሄደው ማጣሪያውን ያላለፈው ስለ ሆነ፣ ሙያ የወዳቂ መጠለያ ተደርጎ ታየ። ወደ ሙያ የሚወስደው መንገድ የተከፈተው በልጁ ዝንባሌ ሳይሆን በነጥቡ ማነስ በመሆኑ፣ ጥሩ እጅ ያለው ተማሪ እንኳ ወደዚያ ሲመደብ እንደ ቅጣት ቆጠረው።

በአንጻሩ የ10ኛ ክፍል ፈተና የሠራው በጎ ሥራም መካድ የለበትም። መምህራን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን በጊዜው ለመጨረስ ይጣጣሩ ነበር። ተማሪውም ድክመቱን ከመጨረሻው ፈተና 2 ዓመት ቀድሞ ያውቅ ነበር። ይህ የማንቂያ ደወል ኋላ ሲነሣ ምን እንደ ተከተለ በሚቀጥሉት ክፍሎች ይታያል።

5. የወሩና የቀኑ ጥያቄ

ከክፍሉ ሌላ የወሩም ጉዳይ አለ። ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በሚጀመርበት ማለዳ፣ የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ ወጥቶ በመገኘቱ ከ250,000 በላይ ተማሪዎች ይቀመጡበት የነበረው ፈተና ተሰረዘ። ፈተናው እንዲወጣ ያደረጉት ወገኖች የሰጡት ምክንያት የጊዜ ጥያቄ ነበር። ይኸውም በኦሮሚያ ከኅዳር 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው ተቃውሞ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ስለ ቆዩ፣ ተማሪዎቹ ሳይማሩ እንዳይፈተኑ ቀኑ እንዲራዘም ጠይቀው ነበር። በኋላ የተተካው ቀን ከዒድ አልፈጥር በዓል ጋር በመጋጨቱ እንደገና ተሸጋሽጎ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተሰጠ።

ፈተና መስረቅ በምንም ምክንያት የሚደገፍ አይደለም። ከድርጊቱ በስተጀርባ የነበረው ጥያቄ ግን ለዕቅድ አውጪ የሚታለፍ አይደለም። ላፍቶ ከኦሮሚያ ጋር የምትዋሰን ናት። በለቡና በፉሪ መካከል የልጆች እግር ወሰን አያውቅም። አንዱ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሲማር፣ በአጎራባቹ ክልል በሩቅ ወረዳ ያለ ዘመዱ ወራት ሳይማር ሊቀር ይችላል፤ የሚፈተኑት ግን በአንድ ቀን ነው። የቀን አንድነት የዕድል አንድነት የሚሆነው ከዚያ በፊት የነበረው የትምህርት ቀን ቁጥር ተመጣጣኝ ሲሆን ብቻ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የበለጠ ከባድ ነበር። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። የ2012 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በታብሌት እንዲሰጥ ታቅዶ መሣሪያዎቹ በጊዜው ስላልደረሱ፣ በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት መጀመሪያ 2013 ዓ.ም. በወረቀት ተሰጠ። የ2013 ዓ.ም. ፈተና በበኩሉ ወደ ጥቅምት መጨረሻና ወደ ኅዳር መጀመሪያ 2014 ዓ.ም. ተሻገረ። በጦርነቱ ምክንያት በትግራይ ብዙዎቹ ተማሪዎች ለፈተና የተቀመጡት በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ለእነዚህ ወጣቶች የፈተና ጊዜ ማለት ከዕድሜያቸው ላይ የተቆረጠ ሁለትና ሦስት ዓመት ነበር።

6. በ2003 ዓ.ም. 1ኛ ክፍል የገቡት

የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቀረ፤ በዩኒቨርሲቲዎችም የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት በዚሁ ዓመት ተመለሰ። ለውጡ በሰው ልጅ ዕድሜ ላይ ሲሰላ የሚያሳየው ነገር አለ።

በ2001 ዓ.ም. በላፍቶ 1ኛ ክፍል የገባ ልጅ፣ ክፍል ካልደገመ፣ በ2010 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍልን ፈተና አልፎ በ2012 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ይደርሳል። በ2002 ዓ.ም. የገባው ታናሽ ወንድሙ የመጨረሻውን የ10ኛ ክፍል ፈተና በ2011 ዓ.ም. ይወስዳል። በ2003 ዓ.ም. የገባችው እኅታቸው ግን በ2012 ዓ.ም. 10ኛ ክፍል ሳለች ትምህርት ቤቷ ይዘጋል፤ ብሔራዊ ፈተናም አይጠብቃትም። 11ኛ ክፍልን በተቆራረጠ ዓመት ትማራለች። በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍልን ስትጨርስም፣ ኩረጃን ለመከላከል ሲባል ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ ይወሰናል። ስለዚህ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. አካባቢ ልብሷን ቋጥራ፣ ስልኳን ለቤተሰብ ትታ፣ ከቤት ውጭ አድራ ትፈተናለች። ሦስቱም የአንድ እናት ልጆች፣ የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሊሆኑ ይችላሉ። የተፈተኑበት ሥርዓት ግን ሦስት ዓይነት ነው።

የዚያ ዓመት ውጤት የታወቀ ነው። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ2,959 ትምህርት ቤቶች ውስጥ 1,161ዱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ብዙ ሰው ይህን ውጤት የገለጸው ኩረጃ በመቆሙ እውነተኛው መልክ ታየ በማለት ነው። ይህ ትልቅ እውነት አለው። ሆኖም ሌላውም መዘንጋት የለበትም። ይህ ትውልድ በ10ኛ ክፍል ሳይመዘን ያለፈ የመጀመሪያው ነው። ቀድሞ በ10ኛ ክፍል ይቀር የነበረው ተማሪ አሁን 12ኛ ክፍል ደርሷል፤ በመካከሉ ግን ድክመቱን የነገረው፣ ነግሮም የደገፈው ሥርዓት አልነበረም። የቆመው ማጣሪያው ብቻ ሳይሆን ማንቂያውም ጭምር ነበር። በዚህ ላይ ወረርሽኙና ጦርነቱ ሲጨመሩ፣ በ12 ዓመት ውስጥ የተከማቸው ጉድለት ሁሉ በአንድ ሳምንት ተቆጠረ።

ቀጣዮቹ ዓመታት የሚከተለውን ያሳያሉ። በ2015 ዓ.ም. ከ845,188 ተፈታኞች 27,267 (3.2 በመቶ)፣ በ2016 ዓ.ም. ከ674,823 ተፈታኞች 36,409 (5.4 በመቶ)፣ በ2017 ዓ.ም. ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 (8.4 በመቶ) አልፈዋል። ያለፉት ቁጥር ከ2014ቱ ጋር ሲነጻጸር ከ19,000 በላይ መጨመሩ የሚያበረታታ ነው። ይሁን እንጂ በዚያው ጊዜ የተፈታኞቹ ቁጥር ከ310,000 በላይ ቀንሷል። ስለዚህ የመቶኛው ዕድገት ከፊሉ የተገኘው ካካፋዩ ማነስ ነው። መቶኛውን ብቻ የሚያነብ ዕቅድ አውጪ፣ ወደ ፈተናው አዳራሽ ሳይደርሱ የቀሩትን ልጆች አይቶ ላያውቅ ይችላል።

ያላለፉትን በተመለከተ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የማካካሻ ትምህርት የጊዜውን ጥያቄ በሌላ መንገድ መልሶታል። የተወሰነ ነጥብ ያገኙ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ለተወሰነ ጊዜ ተምረው እንደገና ይመዘናሉ። ይህም ፈተና ከድጋፍ ጋር መጣመር እንዳለበት መታመኑን ያሳያል። የሚያስቆጨው ድጋፉ የመጣው ከፈተናው በኋላ መሆኑ ነው። በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ሊሰጥ ይገባ የነበረው እርዳታ በ19 ዓመት ዕድሜ፣ በዩኒቨርሲቲ ወጪ ይሰጣል።

7. ሌሎች አገሮች እንዴት ወሰኑ?

የፈተና ጊዜን መወሰን የኢትዮጵያ ችግር ብቻ አይደለም። በቻይና በባህል አብዮቱ ዘመን ተቋርጦ የነበረው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1977 ክረምት ተመለሰ። ከዚያ ወደ ሐምሌ ተዛወረ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ የበጋውን ሙቀትና ጎርፍ ለመሸሽ አንድ ወር ቀድሞ በሰኔ እንዲሰጥ ተወሰነ። የአየሩ ጠባይ በተፈታኙ ላይ የሚያደርሰው ጫና ለመንግሥት ውሳኔ ምክንያት ሆነ ማለት ነው። በክረምት በላፍቶ ጭቃማ መንገዶች ወደ ፈተና የሚሄደውን ተማሪ ለሚያስብ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ፈተናው ወደ ሐምሌ ሲገፋ ዝናቡም የወጪው አካል ይሆናል።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1926 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው የኮሌጆች መግቢያ ፈተና በዓመት ብዙ ጊዜ ይሰጣል። ተማሪው በ11ኛ ክፍል ጀምሮ በ12ኛው ክፍል መግቢያ ሊደግመው ይችላል። ስለዚህ የአንድ ቀን ሕመም ወይም የአንድ ቀን ሐዘን የዕድሜ ልክ ፍርድ አይሆንም። በሌላ በኩል ደጋግሞ መፈተን የሚያስችለው ገንዘብና ጊዜ ያለውን ነው። በምዕራብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1952 የተቋቋመው የፈተናዎች ምክር ቤት ደግሞ ከዋናው ፈተና ሌላ በዓመቱ መጨረሻ ለግል ተፈታኞች ሁለተኛ ዕድል ሲሰጥ ቆይቷል።

ከእነዚህ ምሳሌዎች አንዱን እንዳለ መቅዳት አይጠቅምም። ሆኖም ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ነጥብ አለ። ፈተናው በየትኛውም ክፍል ይሰጥ፣ ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ፣ የአየር ጠባይን ያገናዘበና ለወደቀው ሌላ በር የተወ መሆን አለበት።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከተው፣ ፈተናው በ12ኛ ክፍል ብቻ ሲሰጥ ሸክሙ በመጨረሻው ዓመት ላይ ይከመራል፤ ወደ 10ኛ ክፍል ሲወርድ ደግሞ በለጋ ዕድሜ ላይ ይወድቃል። ማጣሪያው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲዛወር ትምህርቱ ራሱ ካልተሻሻለ፣ የሚዛወረው የውድቀቱ ቦታ ብቻ ነው። ከዚህ ታሪክ በመነሣት አራት ነጥቦች ሊታሰብባቸው ይገባል።

አንደኛ፣ የ12ኛ ክፍሉ ፈተና ዋናው መመዘኛ ሆኖ ቢቆይም፣ በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ማንንም የማይጥል፣ ነገር ግን የእያንዳንዱን ተማሪ ድክመት ለመምህሩ የሚያሳይ ወጥ ምዘና ያስፈልጋል። ማጣሪያውን ማንሣት ተገቢ ነበር፤ ማንቂያውን አብሮ ማንሣት ግን አልነበረበትም።

ሁለተኛ፣ ምዘናው ከድጋፍ ጋር ካልተያያዘ ዋጋ የለውም። ለማካካሻ በዩኒቨርሲቲ የሚወጣው ወጪ ከፊሉ ወደ 10ኛ ክፍል ቢወርድ፣ ብዙ ተማሪ በቤተሰቡ ጉያ ሳለ ሊደገፍ ይችላል።

ሦስተኛ፣ የፈተናው ቀን የትምህርት ዓመቱ ሲጀመር ተወስኖ ለየትምህርት ቤቱ ሊደርስ ይገባል። ያልታሰበ ችግር ሲያጋጥምና ትምህርት ሲቋረጥ፣ በየአካባቢው የጠፋው የትምህርት ቀን ተቆጥሮ ማካካሻው ከፈተናው በፊት ሊታቀድ ይገባል እንጂ ቀኑ ከደረሰ በኋላ መሸጋሸግ የለበትም።

አራተኛ፣ ወደ ሙያ ሥልጠና የሚወስደው መንገድ ከፈተና ውድቀት መለየት አለበት። ተማሪው በ10ኛ ክፍል ዝንባሌውን አውቆ ሙያን ቢመርጥ፣ ምርጫው የሚከበርበትና ኋላም ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚመለስበት በር ያልተዘጋበት ሊሆን ይገባል።

በላፍቶ ዛሬ 1ኛ ክፍል የሚገባው ልጅ ለመግቢያ ፈተና የሚቀመጠው ከ12 ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የፈተናው ዓይነትም ወሩም ይለወጥ ይሆናል። መምህሩ በዚህ ላይ ሥልጣን የለውም። ልጁ ማንበብ አለመቻሉን በ12ኛ ክፍል ሳይሆን በ2ኛ ክፍል ማወቅና መርዳት ግን በመምህሩ እጅ ያለ ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን ጊዜና መጽሐፍ ማዘጋጀትም የዕቅድ አውጪው ድርሻ ነው።